ሰሙን የሚያውቅ ወርቁን ያገኛል
በተራ ዲጂታል ፋይል ውስጥ ምሥጢር ስለ መሸሸግ በማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



በጎንደር ከተማና ከዚያ ወደ ሰሜን በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች የቅኔ ትምህርት ሲሰጥባቸው የኖሩ አብያተ ክርስቲያናት አያሌ ናቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከካብ ጥግ ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውንም ይዞ ለየኔታ ይነግራል። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃናም ሆነ ስምንት ቤት ያለው መወድስ በቀረበ ጊዜ የሚመረመረው ወርቁ ብቻ አይደለም፤ ሰሙም ይመረመራል። ሰሙ የተንጋደደ እንደሆነ ወርቁ ቢያምርም ቅኔው ይታረማል። ስያሜው ራሱ የተወሰደው ከአንጥረኛው ሥራ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና የቀለጠው ወርቅ በስፍራው ይገባል። ስለዚህ ወርቁ ከሰሙ የተለየ ቅርጽ ሊኖረው ከቶ አይችልም።

ሊቃውንቱ የቅኔን መንገድ ሲከፍሉ ከሰምና ወርቅ ሌላ ውስጠ ወይራ የሚባለውንም ያነሣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለዛሬው ርእስ መሠረት ነው። በሰምና ወርቅ ምሥጢር መኖሩ የታወቀ ነው፤ አድማጩም ወርቁን ለማውጣት ተዘጋጅቶ ይሰማል። በውስጠ ወይራ ግን የሚሸሸገው ምሥጢር መኖሩ ራሱ ነው። ንግግሩ በላዩ ሲሰማ ምንም የጎደለው አይመስልም፤ ነገሩ የሚመለከተው ሰው ብቻ ውስጡን ይረዳል። ሌላው ሰው የሚፈታ ነገር እንደነበረ እንኳ ሳያውቅ ይሄዳል።

የኮምፒዩተር ሙያም ይህንኑ ልዩነት በሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ያስተምራል። አንደኛው ማመስጠር ነው። የተመሰጠረ መልእክት በግልጽ ይታያል፤ ቁልፍ የሌለው ሰው ግን ሊያነበው አይችልም። ሁለተኛው መሸሸግ ነው። የተሸሸገ መልእክት በፎቶግራፍ፣ በድምፅ ወይም በተራ ጽሑፍ ውስጥ ስለሚቀመጥ መልእክት መኖሩን የሚጠረጥር አይገኝም። ይህ ዕውቀት ስውር ጽሕፈት የሚል ትርጉም ባለው የግሪክ ቃል ስቴጋኖግራፊ ይባላል።

ጥንታዊ ምሳሌው ሰም መሆኑ የሚያስገርም ነው። ሄሮዶቶስ እንደጻፈው፣ በፋርስ በስደት ይኖር የነበረው ዴማራቶስ የንጉሥ ሰርክሲስን የዘመቻ ዕቅድ ለስፓርታ ሰዎች ለማስታወቅ ፈለገ። በዚያ ዘመን የሚጻፈው በሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ ነበር። ዴማራቶስ ሰሙን ፍቆ በእንጨቱ ላይ ከጻፈ በኋላ እንደገና ሰም ቀባበትና ሰሌዳውን ባዶ አስመስሎ ላከው። የመንገድ ጠባቂዎቹ ያዩት ያልተጻፈበት ሰሌዳ ብቻ ነው። ስፓርታ ሲደርስም ነገሩ ማንም ሳይገባው ቀረ። በመጨረሻ ሰሙን እንዲፍቁት የነገረቻቸው የንጉሥ ሌዎኒዳስ ሚስት ጎርጎ ናት። ባዶ ሰሌዳ ያን ያህል ርቀት የሚላክበት ምክንያት እንደሌለ ያስተዋለ ሰው ከመልእክቱ ይደርሳል።

በቅርቡ ዘመን ነገሩን በሳይንሳዊ መልክ ያስቀመጡት ጉስታቮስ ሲመንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረቡት ጥናት ሁለት እስረኞችንና አንድ የወህኒ ቤት አዛዥን በምሳሌነት አቀረቡ። እስረኞቹ እንዲጻጻፉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ነገር ግን አዛዡ እያንዳንዱን ደብዳቤ ያነባል። የተመሰጠረ ነገር ቢያይ መጻጻፉን ወዲያው ያቋርጣል። ስለሆነም እስረኞቹ ስለ ማምለጫቸው ሊነጋገሩ የሚችሉት አዛዡ አንብቦ በሚያሳልፈው ተራ ደብዳቤ ውስጥ ብቻ ነው። ለዚህ ሙያ ጥያቄው ምሥጢሩ ይነበባል ወይ አይደለም፤ ይጠረጠራል ወይ ነው።

የአሠራሩ ስልት አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል እንበል። ፎቶግራፉ በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥቦች ቢኖሩት በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን የሚያሳዩ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱም ቁጥር ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ሲሆን በስምንት ቢት ይጻፋል። የአንድ ነጥብ የቀይ መጠን 180 ቢሆን በቢት ሲጻፍ 10110100 ነው። የመጨረሻው ቢት ከ0 ወደ 1 ቢለወጥ ቁጥሩ 181 ይሆናል። በ180ና በ181 መካከል ያለውን የቀይ ልዩነት ዓይን ሊለየው አይችልም። እንግዲህ ከእያንዳንዱ ቁጥር የመጨረሻው ቢት ለመልእክት ቢመደብ 6,220,800 ቢት፣ ማለትም 777,600 ባይት የሚይዝ ባዶ ቦታ ይገኛል።

ይህን በግእዝ ፊደል ማስላት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጥቶታል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሀ የሚለው ፊደል 225፣ 136 እና 128 በሚሉ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ ይህም 24 ቢት ስለሆነ በስምንት ነጥቦች ውስጥ ይገባል። በዚህ ስሌት ከመላእክቱ ፊቶች በስተጀርባ 259,200 ፊደላት ሊቀመጡ ይችላሉ። የዛሬው ንግግር በሙሉ ከአሥር ጊዜ በላይ ይጻፍበታል፤ መላእክቱም እንደተለመደው ዓይኖቻቸውን አፍጥጠው ይታያሉ።

ይሁን እንጂ ዘዴው ደካማ ጎን አለው። ጄፔግ የሚባለው የፎቶግራፍ ማመቂያ ምስሉን በስምንት በስምንት ነጥቦች ከፋፍሎ ዓይን የማያስተውላቸውን ጥቃቅን ልዩነቶች ያስወግዳል። የተሸሸገው መልእክት ደግሞ የተቀመጠው በነዚሁ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። ከዚህም የተነሣ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ፎቶግራፍ የተላከ ምስል በመንገድ ላይ ስለሚታመቅ በመጨረሻው ቢት የተጻፈው ይጠፋል። ይኸው ምስል እንደ ሰነድ ፋይል ቢላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ይህን ችግር ለመወጣት በጄፔግ የሒሳብ ቁጥሮች ውስጥ መልእክት የሚያስገቡ ዘዴዎች ተፈልስፈዋል፤ አንድሪያስ ቬስትፌልድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት ኤፍ 5 የተባለው ዘዴ ከነዚህ አንዱ ነው።

መሸሸጊያው ፎቶግራፍ ብቻ አይደለም። የአማርኛ አጻጻፍ ራሱ ሰፊ ቦታ አለው። በአማርኛ አነጋገር ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ሁለት ሰዎች ተስማምተው ሰን 0፣ ሠን 1 ብለው ቢቆጥሩ፣ ቃሉ ለአንባቢ ሳይለወጥ አንድ ቢት ያልፋል። ስምንት እንዲህ ያሉ ፊደላት አንድ ባይት ይሆናሉ። በጋዜጣና በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የፊደል አጠቃቀም የተደበላለቀ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

የጎንደር የመጻሕፍት መምህር ግን ይጠረጥራል። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕልን፣ ሰአለ ልመናን ያመለክታል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንባቢ የፊደሉ አቀማመጥ የዕውቀትም የስሕተትም መልክ እንደሌለው ሲያይ ቆም ብሎ ያስባል። ሊቅ ሁልጊዜ በትክክል ይጽፋል፤ ያልተማረ ሰው ደግሞ በለመደው ፊደል ደጋግሞ ይሳሳታል። አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ የሚጽፍ እጅ ግን ሌላ ሥራ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በፎቶግራፍም መርማሪው የሚከተለው መንገድ ይኸው ነው። ባልተነካ ፎቶግራፍ ቁጥራቸው 180 የሆነ ነጥቦች ብዛትና ቁጥራቸው 181 የሆነ ነጥቦች ብዛት እኩል የሚሆኑበት ምክንያት የለም። የተመሰጠረ መልእክት በመጨረሻው ቢት ሲገባ ግን 0ና 1 በእኩል መጠን ስለሚመጡ ጥንዶቹ ወደ እኩልነት ይጠጋሉ። ቬስትፌልድና አንድሪያስ ፊትስማን ይህን ምልክት በስታቲስቲክስ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ1999 አሳይተዋል። ለዓይን ፍጹም የተደበቀው ነገር ለቆጣሪ ተገለጠ። መርማሪው መልእክቱን አላነበበም፤ ተራው ፎቶግራፍ ምን እንደሚመስል ግን ከሸሻጊው ይበልጥ አውቋል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብ አንድ ነው፤ ምሥጢርን የሚጠብቀው የተሸከመው ነገር ተራ መምሰሉ ነው፤ የሚያጋልጠውም ተራውን ነገር በሚገባ የሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያውያን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ባወጣው ዘገባ ፊንስፓይ ስለተባለው የስለላ ፕሮግራም ገልጿል። ተመራማሪዎቹ ካገኟቸው ናሙናዎች አንዱ በወቅቱ በውጭ አገር ይንቀሳቀስ የነበረው የግንቦት 7 ድርጅት አባላትን ፎቶግራፎች ለማጥመጃ ይጠቀም ነበር። ተቀባዩ ፎቶግራፉን ሲከፍት ምስሉ በእርግጥ ይታየዋል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ፕሮግራሙ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይተከላል። ናሙናው ይገናኝ የነበረው በኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር ነበር።

በትክክለኛ አነጋገር ይህ ስቴጋኖግራፊ አይደለም፤ በፎቶግራፍ መልክ የተላከ ፕሮግራም ነው። የሁለቱ ሥር ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ተራ ነገር በሚሰጠው እምነት ይጠቀማሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ሲል በባሕሬን ተቃዋሚዎች ላይ በተላኩ የዚሁ ፕሮግራም ናሙናዎች የፋይሉ ስም ራሱ ተንኮል ነበረበት። ለዐረብኛ ጽሑፍ የተሠራውና ከቀኝ ወደ ግራ የሚያስነብበው የማይታይ የዩኒኮድ ምልክት በስሙ ውስጥ ስለገባ የፕሮግራሙ መጠሪያ ተገልብጦ የፎቶግራፍ ስም ይመስል ነበር። ለሕዝቦች ፊደል አገልግሎት የተበጀው ነገር ለወጥመድ ዋለ።

የጉዳቱ መጠን በአንድ ሰው ክስ ውስጥ ይታያል። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚኖር፣ በክሱ ኪዳኔ በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ በኢሜይል በደረሰው የዎርድ ሰነድ አማካይነት ፊንስፓይ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደተተከለና የስካይፕ ንግግሩ እንደተቀዳ በመግለጽ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የሰጠው ውሳኔ ግን፣ ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሊከሰስበት አይችልም የሚል ነበር። ሰነዱ ድንበር ተሻግሮ ከአንድ ቤተሰብ ጓዳ ገባ፤ ሕጉ ግን ድንበሩን ተሻግሮ ሊከተለው አልቻለም። ሕግ በማይደርስበት ስፍራ ሰውን ሊጠብቅ የሚችለው የራሱ ጥንቃቄና የመሐንዲሱ ሕሊና ነው።

መሸሸግ ሁልጊዜ የጠላት ሥራ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የቢሮው ዕቃ ራሱ ይሸሽጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በአንድ ዓይነት ባለቀለም ሌዘር ማተሚያ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ መሣሪያው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ዓይን የማያያቸው ቢጫ ነጥቦችን እንደሚያሳርፍና ነጥቦቹም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የመሣሪያውን ተከታታይ ቁጥር እንደሚናገሩ አስታውቋል። በስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። በደባርቅ ደጋ የመንገድ ቅየሳ የሚሠራ መሐንዲስ አንድን የገበሬ ቤት ቢያነሣ፣ የስልኩ የቦታ ማመልከቻ ክፍት ከሆነ የቤቱ ትክክለኛ ቦታ በፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል። ምስሉ እንደ ሰነድ ሲላክ ይህም መረጃ አብሮ ይሄዳል። ገበሬው ፊቱን ለካሜራ ሲሰጥ ደጃፉን እንደሰጠ አያውቅም፤ ማወቅ ያለበት መሐንዲሱ ነው።

በሌላ በኩል ዘዴው ቅርስን ለመጠበቅ ይውላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስወሰዷቸው መጻሕፍት በመቅደላ ተከማችተው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ከተወሰዱት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ኋላ በዲጂታል ፎቶግራፍ ተቀርጸዋል። በጥንት ብራናዎች ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ወይም የሌላ ደብር ስም ተጽፎበት መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ፍቁ ግን ለጥንቁቅ ዓይንና ለልዩ ብርሃን ይገለጣል። ዲጂታል ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ጠባሳ የለውም። ስሙ ቢሰረዝ የተሰረዘበት ምልክት ለዓይን ላይታይ ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ዲጂታል የውኃ ምልክት ነው። ኢንገማር ኮክስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ምልክቱ በማይረቡት ጥቃቅን ቢቶች ሳይሆን ምስሉ ያለ እነርሱ ሊታይ በማይችልባቸው ዋና ዋና ክፍሎች ላይ በስሱ እንዲበተን ሐሳብ አቀረቡ። ምልክቱን ለማጥፋት የሚሞክር ሰው ምስሉንም ያበላሻል። አንድ ደብር መጽሐፉ ፎቶግራፍ በሚነሣበት ጊዜ የደብሩ ስም በዚህ መንገድ እንዲገባ ቢያደርግ፣ ምስሉ ከአገር አገር ቢዘዋወርም የወጣበት ቤት ይታወቃል። በዚህ ሥራ ሰሙና ወርቁ እንደ አንጥረኛው ጌጥ አንድ ቅርጽ ይይዛሉ።

ከዚህ ሁሉ ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሠራተኞችንና ተማሪዎችን ስለ አደጋ ማስፈራራት ብቻውን አይበቃም፤ ተራ ፋይል ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚመዝን፣ ስሙ በምን እንደሚያልቅ ማስተማር ያስፈልጋል። አንዲት የቢሮ ጸሐፊ ፎቶግራፍ ነው ተብሎ የመጣው ፋይል ለመከፈት ፈቃድ ሲጠይቅ ነገሩ እንግዳ መሆኑን ከተረዳች ብዙ መርማሪዎች የማይደርሱበትን ሥራ ሠርታለች። ሁለተኛ፣ ምሥጢር ያለው ሰው በመሸሸግ ብቻ አይመካ። ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 እንዳስገነዘቡት፣ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ምሥጢሩ በቁልፉ መጠበቅ ይኖርበታል። ስለሆነም አስቀድሞ ማመስጠር፣ ከዚያ መሸሸግ ይገባል። ሦስተኛ፣ መሐንዲስ ተጠቃሚው ሳያውቅ በተጠቃሚው ላይ የሚሠራ ነገር በሚያበጀው ዕቃ ውስጥ አያስገባ። በኪዳኔ ክስ የተከሰሰው መንግሥት ነበር፤ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር የጻፉት ግን የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ናቸው።

የቅኔ ተማሪ ሁለት ሙያ ይማራል። ወርቁን መሸሸግ ይማራል፤ ሌላው የሸሸገውን መፍታትም ይማራል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የተማረ ባለቅኔ ሊባል አይችልም። የኮምፒዩተር ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ያተኮሩት ፋይል በመሥራት ላይ ነው፤ የተሠራን ፋይል መርምሮ መፍታት ብዙ ቦታ አልተሰጠውም። ይህ ማኅበር ለሚቀጥለው ዓመት የሥልጠና መርሐ ግብር ሲያወጣ ሁለተኛውን ሙያ ከመጀመሪያው እኩል ቢያስቀምጠው ለአባላቱም፣ ፎቶግራፍ ደርሶት ያለ ሥጋት ለሚከፍተው ሰው ሁሉም ታላቅ አገልግሎት ይሆናል።